የሩቁ ጦርነት በረታችን ድረስ የመጣ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጦርነት እግር ነበረው። በእግሩ ነበር የሚመጣ። መጣ ሲባል እህልህን ትቀብራለህ፣ ከብትህን ወደ ቆላ ትነዳለህ፣ ለታቦት ትሳላለህ። ወዳንተ የማይመጣ ከሆነ ግን የሰው ነው፤ የሰው አገር ጦርነት እሳት ዳር ቁጭ ብለህ የምትሰማው ወሬ ነው፣ «እግዚአብሔር ይማራቸው» ብለህ ትተኛለህ፣ አለቀ። የቅርቡማ አለፈብን፣ የሱን ነገር ዛሬ አላነሣም፣ ዛሬ ከባሕር ዳር ድረስ መጥታችሁ ቤቴን የሞላችሁበት ቀን ነው። የማጫውታችሁ የሩቁን ነው። ያ እኛን የማያውቀን፣ እኛም የማናውቀው፣ ባሕር አቋርጦ መጥቶ እኔና አያ ደምሴን ያጣላንን። በምን እንዳጣላን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። በእበት ነው።

አዎ፣ በእበት። በላም እበት።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ደምሴ፣ ያው ባሌን ታውቁት የለ፣ ራዲዮ ይወዳል። ሲያርስም ራዲዮኑን ድንበር ላይ አስቀምጦ ነው፣ ሲበላም ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው፣ እኔን እንኳ እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅ። እና ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ጠዋት ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ገባና «የሺ» አለኝ፣ «ሰዎቹ ተጀማመሩ» አለኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?» አልኩት። እኔ የመሰለኝ በድንበር የሚካሰሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

«ሩሲያና ዩክሬን።»

«የት ነው ያለ አገሩ?»

«ከባሕር ማዶ ነው። በረዶ አገር ነው።»

«ከጉና ተራራችን ይበርዳል?»

«ጉና ለነሱ ቆላ ነው» አለኝ፣ እንደ ሄደበት ሰው።

ታዲያ እኔ አዘንኩ። በረዶ ላይ ተኝቶ መዋጋት ከባድ ነው ብዬ አዘንኩና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ «እግዚኦ ማረነ ክርስቶስ» ስንል እነሱንም ጨመርኳቸው። ከዚያ ረሳኋቸው። እነሱ ግን አልረሱኝም።

ጾሙ ገባ። ጾም ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ያለን ዘይት ነው። ሽሮውም በዘይት፣ ምስሩም በዘይት። እና ልጄን ጥሩወርቅን፣ ያኔ ከቤይሩት ተመልሳ እኛ ጋ ናት፣ ደብረ ታቦር ገበያ ዘይት ገዝታ እንድትመጣ ላክኋት። ጀሪካኑን ባዶውን እያንከረፈፈች መጣች።

«ዘይቱስ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ዘይት የለም። ያለውም ዋጋው አይቀመስም።»

«ለምን?»

«ጦርነት ነው ይላሉ።»

«የት?»

«ዩክሬን።»

እኔ ቁጭ አልኩ። «ኧረ ልጄ፣» አልኳት፣ «ዩክሬን ሰው ሲታኮስ የኔ ሽሮ ምን አገባው?»

ጥሩወርቅ ደግሞ ብዙ አይታለች፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት፣ የማታውቀው የለም። እና አጠገቤ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። «እማዬ፣ ቤይሩት ሳለሁ የምንበላው ዳቦ ከነዚሁ ሰዎች ስንዴ ነበር። በመርከብ ነው የሚመጣ። ዘይቱም ከነሱ የሱፍ አበባ ይጨመቃል። አሁን መርከቡ ፈራ፣ ባሕሩ ላይ ይተኮሳል። የነሱ ሲቀር ዓለሙ ሁሉ ወደ ሌላው ዘይት ይሻማል። ሲሻሙ ደግሞ እኛ ከኋላ ነን።»

«እሺ፣ ዘይቱ ይቅር» አልኩ። «ኑግ አለኝ፣ ኑግ ወቅጬ ወጥ እሠራለሁ፣ እናቶቻችን በምን ጾሙ?» አልኩ። እውነትም ኑጉን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አጥልዬ ሠራሁት። አያ ደምሴ ቀመሰና «ይኸስ ይጣፍጣል፣ ጦርነቱ ይቀጥል» አለ። እኔም ተቆጣሁት፣ «በሰው ደም አትቀልድ» አልኩት። ሳቀ። ያን ቀን ሳቀ። ግንቦት ላይ ግን ሳቁ ጠፋ።

ግንቦት ማለት ለገበሬ ምን እንደሆነ እናንተ የከተማ ልጆች አታውቁትም። ማሳው ታርሷል፣ ተገልብጧል፣ ዝናቡን ይጠብቃል፣ ገበሬውም ማዳበሪያውን ይጠብቃል። ይኸ ተራራችን ሥር ያለው መሬት አርጅቷል፣ ልጆቼ፣ እንደኔው ነው፣ ሳይደግፉት አይነሣም። ዳፕና ዩሪያ የሚሉትን ማዳበሪያ ከለመድን ዘመን ቆይቷል፣ አሁን ያለሱ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይወጣና ያፍርብሃል። እና አያ ደምሴ አህያውን እየነዳ፣ ባዶ ማዳበሪያ በትከሻው ይዞ፣ ራዲዮኑን በብብቱ አድርጎ ከተማ ወረደ። የሄደ ቀኑን ሙሉ ቆየ። ሲመጣ አህያው ቀድሞት እየዘለለ መጣ። አህያ እየዘለለ መጣ ማለት አልተጫነም ማለት ነው።

«ማዳበሪያ አገኘህ?» አልኩት።

«ማዳበሪያውማ ይኸው» አለና ባዶውን ከረጢት መሬት ላይ ጣለው። «ውስጡ ነው የጠፋ።»

ታዲያ ሰው ሁሉ ተሰልፎ፣ ሰልፉ ገበያውን ዞሮ፣ የሚያድሉት ሰዎች ወጥተው «ወገኖቻችን፣ ዘንድሮ የመጣው ጥቂት ነው፣ የቀረው መንገድ ላይ ነው፣ ታገሡ» አሏቸው። በጓሮ የሚሸጥ እንዳለ ሰምቶ ሄዶም ጠይቋል፤ ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ይዞ ነው የወጣ። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም ያንኑ። ዩክሬን። ያን ጊዜ ጥሩወርቅ «አባዬ፣ ማዳበሪያው እኮ ከጋዝ ነው የሚሠራ፣ ጋዙም ያለ ከነዚያው ከሚዋጉት ዘንድ ነው» አለችው።

አያ ደምሴ ከረጢቱን ከመሬት አነሣ። ከዚያ «ታዲያ የኔ ስንዴ» አለ፣ «ሰው አገር ጋዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነዋ ሲበቅል የኖረ። እኔ ደግሞ በክንዴ የማበቅለው ይመስለኝ ነበር።» ያችን ነገር ሲል አሳዘነኝ። ወንድ ልጅ በክንዱ የሚኮራ ነው።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጠዋት «ቦራን እሸጠዋለሁ» አለኝ። ቦራ በሬያችን ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጥማዱ። «ቦራን ሸጬ ማዳበሪያ ከጓሮ እገዛለሁ» አለ።

«ማዳበሪያውን ስትገዛ በምን ልታርስ ነው?» አልኩት። «ባንድ በሬ? ወይስ ከጎኑ እኔን ልትጠምድ?»

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዓይኑ ወደ ጓሮ የሄደ። ዓይኑን አየሁት። ከጓሮ ያለው የኔ ኩበት ነው። ኩበቴን አታውቁትም እናንተ። በጋውን ሙሉ እበቱን ከጭድ አላውሼ፣ ጠፍጥፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ እንደ ቤት የከመርኩት ነው። ክረምቱን ቤቴን የሚያሞቅ እሱ፣ የጠላ ጋኔን የሚያጥንልኝ እሱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ እየሸጥኩ ጨውና ሻማ የምገዛበት እሱ። እና አያ ደምሴ ወጣና ክምሩን ዞረው፣ ዞረው፣ እንደ ሙሽራ ጎጆ። ከዚያ መጣና ፊቱን አኮሳትሮ፣ እንደ ዳኛ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «እዚህ ቤት እበት ወደ ማሳ እንጂ ወደ ምድጃ አይገባም።»

«ምን አልክ?»

«ማዳበሪያ ከጠፋ ማዳበሪያው ይኸ ነው። አባቶቻችን በምን አርሰው በሉ? ያለውንም ኩበት ፈርፍረን እንበትነዋለን።»

«እኔስ በምን ላንድድ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንተ ካላወቅህ» አልኩት፣ «እኔ አውቃለሁ። አላነድም።»

እናም አላነደድኩም። ምድጃዬን በአመድ አልብሼ ቁጭ አልኩ። ለምሳ በሶ። ለራት በሶ። በሶውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ አቀርብለታለሁ፣ በአክብሮት፣ እጁን አስታጥቤ። «ብላ ጌታዬ» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ኩሩ ነው፣ አይናገርም፣ ይጠጣል። ብርዱ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ከጉና የሚወርደው ነፋስ በጣራው ሥር ሾልኮ ይገባል። ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ራዲዮኑን አቅፎ ይቀመጣል። ራዲዮኑም የዩክሬንን ጦርነት ይነግረዋል። እኔ ከወዲህ ሆኜ «ጠይቀው እስቲ፣ እዚያም ኩበት ነው የሚያጣላቸው?» እለዋለሁ። ጥሩወርቅ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ትስቅና ደግሞ በስርቆሽ ጎረቤት ሄዳ ትኩስ ትበላለች፣ እናቷንም አባቷንም ትታ።

ታዲያ ጭስ የማይወጣበት ቤት በአገራችን ሰው የሞተበት ወይም ሰው የተጣላበት ቤት ነው። ጎረቤት አየ። ጎረቤት ለአባ ተገኘ ነገረ፣ ለንስሐ አባታችን። አባ ተገኘም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ፊታቸው በኀዘን ጠቁሮ መጡ። የፍቺ ነገር ነው የመሰላቸው። ቁርባን ሊፈርስ፣ ሰማንያ ሊቀደድ መስሏቸው፣ አቤት አቀማመጣቸው።

«ልጆቼ» አሉ አባ ተገኘ፣ «ይኸን ያህል ዘመን በፍቅር ኖራችሁ አሁን በስተርጅና ምን ገባባችሁ? ሰይጣን ምን አገኘ? በሀብት ነው?»

«አይ፣ በሀብት አይደለም አባ» አልኩ።

«በዘመድ ነው?»

«የለም።»

«ሌላ ሴት...» አሉና አያ ደምሴን አዩት። አያ ደምሴ የበሶ ዱቄት ጺሙ ላይ ደርቆ ነበር፣ ማን ሴት ታየዋለች?

«ታዲያ በምንድን ነው?»

እኔም አፈርኩ፣ እሱም አፈረ። በመጨረሻ አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በእበት ነው አባ» አለ።

አባ ተገኘ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አቀረቡ። «በምን?»

«በእበት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጭራውን አፉ ላይ አደረገ፣ ሳቁን ሊደብቅ። አባ ተገኘ ግን አልሳቁም፣ ዳኝነት ላይ ናቸው። «ማነው ጀማሪው?» አሉ።

«እኛ አይደለንም» አልኳቸው፣ «ጀማሪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው።» እና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ዘይቱን፣ መርከቡን፣ ጋዙን፣ ባዶውን ማዳበሪያ፣ ቦራን፣ ኩበቴን። እሳቸውም እየሰሙ፣ እየሰሙ፣ መጨረሻ ላይ «እህህ» ብለው ተነፈሱና «እነዚያን ማን ያስታርቃቸው ይሆን» አሉ። «እኛ ለናንተ እንበቃለን፤ ለነሱ ግን መስቀሌ ይረዝም ይሆን?» አሉ።

ከዚያ ነው እንግዲህ ዕርቁ። ሽማግሌ ለሁለቱም ይፈርዳል። አባ ተገኘ አያ ደምሴን «ባሕር ዛፍ የለህም?» አሉት። አለው፣ ከወንዙ ዳር፣ እንደ ልጆቹ የሚያያቸው፣ ጧት ጧት እየዞረ የሚያሻሻቸው፣ አንድ ቀን ቤት እሠራባቸዋለሁ የሚል። «ከባሕር ዛፍህ ጭራሮውንና ቅርንጫፉን ለምድጃዋ ስጥ፣ እሷ ደግሞ እበቷን ለማሳህ ትስጥ» አሉ። እሱ ቅር አለው፣ እኔም ቅር አለኝ፣ ሁለቱንም ቅር ካላቸው ፍርዱ ትክክል ነው። ጉልበት ስመን ተነሣን። እኔም ወዲያው እሳት አነደድኩ። አያ ደምሴ እሳቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጭሱ ነው አለ።

ግን ልጆቼ፣ ዕርቅ ማሳ አይሞላም። የኛ ከብት ስንት ነው? ያለችን ላምና ሁለቱ በሬ፣ ከነጥጃዋ። የነሱ እበት የድንቹን መደብ ቢያለብስ እንጂ ለስንዴው ማሳ አይደርስም። ሰኔ መጣ፣ ጊዜው ሄደ። ያን ጊዜ ጥሩወርቅ «አጎቴ ጫኔስ?» አለች።

ጫኔ ወንድሜ ነው። ጉና ላይ ነው ያለ፣ ከላይ፣ ጅባራ የሚሉት የደጋ ተክል ካለበት፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ከማይበቅልበት። በግ አለው፣ የማይቆጠር በግ። በጎቹ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚያድሩበት በረት አለ፣ በጠጡ፣ የበጎቹ ፍግ ማለቴ ነው፣ በዘመን ብዛት ተረግጦ ተረግጦ እንደ ወለል ሆኗል፣ በጎቹ ከፍ ብለው ጣራውን በጆሯቸው ሊነኩት ነው።

«ሰው በጠጥ ይለምናል?» አለ አያ ደምሴ። «ከአማቼ ቤት? ጫኔ ምን ይለኛል? ሲስቅብኝ ሊኖር?»

«ይሳቅ» አልኩት። «በሳቁ ስንዴ ካበቀልን ዓመቱን ሙሉ ይሳቅ።»

የግብርና ባለሙያውንም ጠየቅነው፣ ደግ ሰው ነው፣ እየዞረ ማሳችንን የሚያይልን። «በጣም ጥሩ ነው» አለን፣ «ግን አዲሱን እንዳትወስዱ፣ አዲሱ ቡቃያውን ያቃጥልባችኋል። ከሥር ያለውን፣ የበሰበሰውን፣ አፈር አፈር የሚሸተውን ቆፍራችሁ አውጡ። አረም ይበዛባችኋል፣ እሱን ቻሉት። የሚደርሳችሁን ትንሽ ዳፕም አትናቁ፣ ከሱ ጋር አድርጉት።» እንዳለውም ሆነ፣ አንድ ቃል አልሳተም።

ታዲያ ወጣን። እኔ በበቅሎ፣ አያ ደምሴ በእግሩ፣ አባ ተገኘም «ያስታረቅኩትን ዳር ላድርስ» ብለው አብረውን። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ አንድ እንስራ ጠላ አሸክሜያለሁ። ጉና ላይ ደርሰን፣ ጭጋጉ ዓይን ይይዛል፣ የጫኔ ደጅ ቆምን። ጫኔ ባናውን ተከናንቦ ወጣ። ቄስ ያያል። የለበሰ ሽማግሌ ያያል። እንስራ ጠላ ያያል። ደግሞ አንድ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው። ምን ይምሰለው?

«ግቡ እንጂ» አለ፣ ድምፁ ተለወጠ። «ምን እግር ጣላችሁ?»

አባ ተገኘም ቀልደኛ ናቸው ለካ። በልማዱ፣ እንደ ሽማግሌ ደንብ፣ «ፈልገን መጣን። እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉት።

ጫኔ ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። «አባ፣ ልጄ እኮ ገና ትምህርቷን አልጨረሰች» አለ።

«ልጅህን አልጠየቅንህም።»

ጫኔ ትንሽ ተነፈሰ። «ታዲያ በግ ነው?»

«በጉንም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አባ ተገኘ በመስቀላቸው ወደ በረቱ አመለከቱ። «ከበጎቹ ሥር ያለውን» አሉት።

ጫኔ በረቱን አየ። እኛን አየ። በረቱን ደግሞ አየ። ከዚያ ገባው። ገባውና ያ ሰውዬ፣ እንደ ነጎድጓድ ነው የሳቀ፣ ባናው ከትከሻው ወደቀ፣ ሚስቱ ከጓዳ ደንግጣ ወጣች። «ደምሴ» ይለዋል፣ «እህቴን ስትጠይቅ እንኳ እንደዚህ በቄስ አልመጣህም፣ ለበጠጥ በቄስ መጣህ?» አያ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ ቆየና፣ እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጉና ላይ ያን ያህል ተስቆ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ብርዱ አያስቅም።

ተቀምጠን፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ነገሩ ሲረጋ ግን ጫኔ ቁም ነገር አወራ። «እህቴ፣ ስጠን ካላችሁኝ እሰጣለሁ» አለ። «ግን እዚህ እንጨት የለም፣ ታያለሽ። ያ በጠጥ ምድጃዬ ነው። ተቆርጦ ደርቆ የሚነድልን እሱ ነው። ብትወስዱት ክረምቱን ልጆቼን በምን ላሙቅ?»

ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ገመድ የተያያዘ እንደሆነ ታየኝ። እኔ ከአያ ደምሴ የተጣላሁበት ያው የምድጃው ነገር እኮ ነው። እዚያ መርከብ ቆመ፣ እኔ ምድጃዬ ጠፋ፣ አሁን ደግሞ ጉና ላይ ያለ ሕፃን ሊበርደው ነው። እና አያ ደምሴን ሳልጠይቅ «ባሕር ዛፍ እናወጣልሃለን» አልኩት። «አህዮቹ ባሕር ዛፍ ጭነው ይወጣሉ፣ በጠጥ ጭነው ይወርዳሉ።»

አያ ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት፣ ልጆቹን አሳልፌ የሰጠሁበት ያህል። እሱ ለኔ ምድጃ የሰጠው ጭራሮውን ነበር፣ እኔ ደግሞ ግንዱን ሰጠሁ። ጠላውን ጠጣ። ከዚያ ጫኔን «ቃሏ ቃሌ ነው» አለው። ስንመለስ መንገድ ላይ ግን «አንቺን ገበያ ይዞ መሄድ ቤት ማስወሰድ ነው» አለኝ።

እንዲያ ሆነ። አያ ደምሴ ባሕር ዛፉን ራሱ ቆረጠ፣ ሌላ ሰው አላስነካም፣ እያንዳንዱን ሲጥል ከንፈሩን ይመጣል። አህዮቹ ወጡ፣ ወረዱ። ጫኔም ባለሙያው እንዳለው ከሥር ያለውን ጥቁሩን ቆፍሮ ጫነልን። ሽታውን ነገር ተዉት። በመንደራችን ሲያልፍ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ይይዛሉ፣ «የየሺ ሽቶ መጣ» ይላሉ። «ሽቶ ነው» እላቸዋለሁ፣ «ጥቅምት ላይ ትሹታላችሁ።» ማሳው ላይ በተንነው፣ ቦራና ጥማዱ ገለበጡት፣ ስንዴው ተዘራ። ትንሿም ዳፕ ዘግይታም ቢሆን ደረሰችን፣ ጨመርናት።

አረሙ ግን። አረሙን አትጠይቁኝ። በጎቹ የበሉት ሣር ሁሉ ተነሥቶ ማሳዬ ላይ በቀለ፣ የጉና ሣር ስደተኛ ሆኖ እኔ ዘንድ መጣ። እኔና ጥሩወርቅ ነሐሴን ሙሉ በጉልበታችን ሄድን። አንድ ቀን ስናርም፣ ዝናቡ አባርቶ፣ አያ ደምሴም ከኛ ጋር ሲያርም፣ ራዲዮኑ ድንበር ላይ ያወራል። ስለዚያው ስለ ዩክሬን። ገበሬዎቹ ማሳቸው ላይ ፈንጂ ተቀብሮ አንዘራም አሉ፣ የደረሰውንም የሚያጭድ ጠፋ አለ። አያ ደምሴ እጁ ላይ ያለውን አረም እንደያዘ ቆመ። እስከዚያ ቀን እነዚያን ሰዎች ሲረግማቸው ነበር የከረመ። «የሺ» አለኝ፣ «ለካ እነሱም ገበሬ ናቸው።» ቆቡን አወለቀ። «ሰው እርሻውን መርገጥ ከፈራ ምን ኑሮ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ ሲረግማቸው ሰምቼው አላውቅም። ማርያምን፣ አንድም ቀን።

አዝመራው እንዴት ሆነ አላችሁ? አልዋሽም። ስንዴው እንደ ዳፑ ዓመት አልሆነም። ግን ቢጫ አልሆነም፣ አላፈረብንም፣ ቆመ። ጎተራው አፉ ድረስ ባይሞላም ዓመት አደረሰን፣ ከዚያም ተርፎ ለዘር ሆነ። ድንቹ ግን የጉድ ነው። አንዱን ድንች አውጥቶ አያ ደምሴ በሁለት እጁ ይዞት መንደሩን ዞረ፣ እንደ ክርስትና ልጅ። ቦራም አልተሸጠ፣ ይኸው በረት ውስጥ ያመሰኳል፣ ስትወጡ ታዩታላችሁ። ጫኔም ክረምቱን ባሕር ዛፍ እያነደደ፣ ቤቱ ደምቆ፣ «እንዲህ ያለ እሳት አይቼ አላውቅ» እያለ ከረመ። በዓመቱ ደግሞ ያ አፍንጫ የያዘ መንደር ሁሉ አህያውን ጭኖ ወደ ጉና ሲወጣ ብታዩ፤ ጫኔ ተወዷል፣ ደጁ ላይ ወረፋ ነው።

አሁንማ ማዳበሪያው ይመጣል፣ አንዳንዴ በጊዜው፣ አንዳንዴ ዘግይቶ። አያ ደምሴ ይወስዳል፣ ለምን አይወስድ? ጥሩ ነገር ነው። ግን የጫኔን በረት አልተወም፣ ከሁለቱም ያደርጋል። «አንዱ ባሕር ማዶ ቢጣላ አንዱ ጉና ላይ አለ» ይላል። እኔም የምለው ይኸን ነው። የሰው አገር ይምጣልን፣ ዘይቱም ማዳበሪያውም፣ መርከቡን እግዚአብሔር ይጠብቀው። ሁሉን ከዚያ ከጠበቅህ ግን እዚያ ያለ የማታውቀው ሰው በተጣላ ቁጥር አንተ ከሚስትህ ትጣላለህ።

(ከአድማጮቹ አንዱ፣ ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት የሚሠራው የእህታቸው ልጅ፣ «እማማ የሺ፣ እርስዎስ ጉና አለዎት፤ እኛ ከተማ ያለነውስ? ኪራይ ቤት ውስጥ በግ የለ፣ በረት የለ፣ ዘይቱ ሲጠፋ ምን እናድርግ?» ሲል ጠየቃቸው።)

እናንተማ ምን ታደርጋላችሁ ልጄ፣ እናንተ ያላችሁ ዘመድ ነው። ዘመዳችሁን ጠይቁ። እንደ ዛሬው ኑ፣ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሄዱም፣ ጥሩወርቅ ድንች በማዳበሪያ እያደረገችላችሁ ነው።

(ሁሉም ሳቁ። ልጁም «ከሙሉ ማዳበሪያ ጋር ነው የምንሄድ እንግዲህ» አለና ተነሥቶ ሊያግዛት ሄደ።)